ዘይት የሚበላ አሮጌ ናፍጣ መኪና፦ ሞተሩ ሳይወርድ በፊት የሚፈጸሙ ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ባለ 5ኤል ሞተር ሃይሉክስ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለው ጋራዣችን ሲመጣ፣ ባለቤቱ ከሱማሌ ተራ የገዙትን ሙሉ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የኋላ ወንበር ላይ ጭነው ነበር። «ሰማያዊ ያጨሳል፤ ሞተሩ አልቋል» ተብለዋል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሜ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቄ የዘይት መለኪያውን ብመዘው፣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፎ ተገኘ። ሰውየው መኪናቸውን በሚያሳድሩበት የፒያሳ ቁልቁለት ላይ እየለኩ፣ የጎደለ በመሰላቸው ቁጥር ሲጨምሩ ኖረዋል፤ የተረፈው ዘይት በክራንኩ እየተናጠ በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር መሳቢያው ገብቶ ይቃጠል ነበር። አንድ ሊትር ተኩል ቀዳንላቸው፤ ጭሱ በሁለት ቀን ጠፋ።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ግን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ሳይለካ፣ ወይም ተለክቶ ንባቡ ሳይመዘን፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) የሚከፈትበት ጥድፊያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 30 ባር የሚሰጥ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 23 አካባቢ ቢያሳይ፣ የፋብሪካውን መጽሐፍ ገልጦ «ከልክ በታች ነው» ማለት በእንጦጦ ጥፋት ሞተሩን መቅጣት ነው። መታየት ያለበት ሲሊንደሮቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ነው። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ላይ፣ በቤንዚን ሞተር እንደለመድነው፣ ዘይት ጠብ አድርጎ ዳግም መለካትና ንባቡ ካደገ «ፋሻው አልቋል» ማለትም ያሳስታል፤ የናፍጣ ማቃጠያ ክፍል እጅግ ጠባብ በመሆኑ የገባው ዘይት ራሱ ቦታ ይዞ ንባቡን ያሳድገዋል። እኔም በጀማሪነቴ በዚህ ተሞኝቼ ደህና ሞተር አውርጃለሁ፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ሲሊንደሩ አለመበላቱን የሚያሳየው የፋብሪካው ጭረት ሳይጠፋ ባየሁ ጊዜ ለባለ መኪናው የምለው ጠፍቶኝ ነበር።

ጥቁር ጭስ ዘይት አይደለም፤ ናፍጣው ከአየሩ መብለጡ ነው። የታፈነው የአየር ፊልትሮ ሳይታይ «ጉልበት ያግኝ» ተብሎ የናፍጣ ፖምፓው ብሎን የተጠመዘዘበት መኪና ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ሲወጣ ማየት በቂ ነው።

በኅዳር ማለዳ ለአፍታ የሚታይ ነጭ ጭስ አያስደነግጥም። ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለ ግን ይሽተት፤ ዓይን የሚያቃጥል የናፍጣ ሽታ ኢንጄክተሩን ወይም የፖምፓውን ታይሚንግ (ናፍጣ የሚረጭበትን ጊዜ) ያስጠረጥራል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የክዳኑ ማሸጊያ) ሲበላሽ ከራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጣፋጭ ሽታ ይመጣል የሚባለው እውነት ቢሆንም፣ ብዙዎቻችን ራዲያተር ውስጥ ተራ ውኃ ስለምንጨምር የውኃውን መጉደል መከታተል ይሻላል።

ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለቆ ወርዶ ሰማያዊ ጭስ መጠበቅ የቤንዚን መኪና ፈተና ነው፤ አሮጌ ናፍጣ አብዛኛውን ጊዜ የአየር መዝጊያ ስለሌለው ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ያን ያህል አይስብም። መብራት ላይ ለደቂቃዎች ቆሞ ሲነሣ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት ወደ ሲሊንደር እንዳይወርድ የሚያግዱትን የቫልቭ ጎማዎች ያሳብቃል።

ዘይቱ ስላልቀነሰ ሞተሩ አይበላም ብሎ መደምደምም አደገኛ ነው። የሚያፈስ ፖምፓ ናፍጣ ወደ ዘይቱ እየጨመረ የተበላውን ሊተካ ይችላል፤ መለኪያው ዘንግ ናፍጣ ከሸተተ መኪናው አይነሣ። ከመጠን ያለፈው ዘይት በመተንፈሻው ከተሳበ ሞተሩ ቁልፉ ተዘግቶም እየጮኸ ሊቀጥል ይችላል፤ ያኔ ፍሬን አጥብቆ ይዞ፣ በከፍተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑን ለቆ ማፈን ነው።