ጎንደር ላይ የግል የፎቶ ፕሮግራም እንዴት ይያዛል?

የመጀመሪያው የጎንደር ፎቷችን ላይ እኔና ባለቤቴ ዓይን የለንም። ነጭ በነጭ ለብሰን ፋሲል ግንብ ፊት ቆመናል፤ ዓይናችን መሆን ባለበት ቦታ ግን ጥቁር ጉድጓድ ነው ያለው። ቀሚሴ ደግሞ ተቃጥሏል፤ ፎቶ አንሺዎች እንደሚሉት ማለቴ ነው። ብርሃን በዝቶበት ያ ሁሉ የተለፋበት ጥለት ጠፍቶ፣ አንሶላ የተጠቀለልኩ መስያለሁ።

ያነሳን ልጅ ግን ጎበዝ ፎቶ አንሺ ነው። ይህን የማውቀው ከሁለት ዓመት በኋላ እማዬን ይዘን ስንመለስ እሱኑ ስለቀጠርነው ነው። ካሜራውም ያው ነበር። የቀየርነው ወሩን፣ ሰዓቱንና ቀድመን የተነጋገርነውን ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ሳሎናችን የተሰቀለው የሁለተኛው ጊዜ ፎቶ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ካሜራ ምንም አልጽፍም።

1. መጀመሪያ ወሩ

ብዙ ሰው ቲኬት ይቆርጣል፣ ሆቴል ይይዛል፣ ከዚያ ፎቶ አንሺ ይፈልጋል። እኛም እንደዚያው ነን። ልቤን የወሰደው ኢንተርኔት ላይ ያየሁት አንድ ፎቶ ነበር። ጥንዶች የፋሲል መዋኛ ዳር ተቀምጠው፣ መሀል ላይ ያለው ግንብ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። "እንደዚህ ነው የምፈልገው" ብዬ ለልጁ ላክሁለት። "ችግር የለም፣ ቦታውን አውቀዋለሁ" አለኝ። ቦታውንማ ያውቀዋል! ሚያዝያ ላይ ሄደን ስናይ ገንዳው ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ግንቡ ደረቅ መሬት ላይ ቆሟል።

ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ይለቀቃል። አብዛኛውን ዓመት ባዶውን ነው። እኔ ያየሁት የጥር ፎቶ ነበር። እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልነገረኝ። አንድ ናሙና ፎቶ በወደዳችሁ ቁጥር "ይሄ በስንት ወር ነው የተነሳው?" በሉ። ሣሩም፣ ሰማዩም፣ ውሃውም ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ታዲያ ጥር ልሂድ ካላችሁ፣ ጥር 10 ከተራ፣ 11 ጥምቀት ነው። በእነዚያ ቀናት የበዓሉን ፎቶ ማንሳት እንጂ የግል ፕሮግራም መያዝ ዘበት ነው። ሰዉ እንደ አሸዋ ነው፣ ሆቴል አይገኝም፣ ጎበዝ ጎበዝ ፎቶ አንሺዎች ቀድመው ተይዘዋል። ውሃው የግድ ካስፈለጋችሁ በዓሉ አልፎ ገንዳው ሳይለቀቅ ያሉትን ቀናት ሞክሩ፤ መቼ እንደሚለቀቅ ግን እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

የኔ ምርጫ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ አልፏል፣ አቧራው ታጥቧል፣ ግንቦቹ ያሉበት የፋሲል ግቢ ሣር አረንጓዴ ነው። ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ከሳምንቱ ደግሞ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ያዙ። ቅዳሜና እሑድ በተለይ በሰርግ ወር ግቢው የሙሽራ ነው። እኛ ያን ጊዜ የሄድነው ዳግም ትንሣኤ አልፎ ሰርግ በተከፈተ ሰሞን፣ ያውም ቅዳሜ። አንዱ ደረጃ ላይ ለመቆም ሦስት ሙሽራ ወረፋ ጠብቀናል።

ከወሩም በላይ የሚወስነው የአካባቢው ሰላም ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሰሞኑን ሁኔታ ከተማው ውስጥ ከሚኖር ሰው ስሙ። ኔትወርክም ሊጠፋ ስለሚችል የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ።

2. ፎቶ አንሺውን መምረጥ

ከአዲስ አበባ ይዛችሁ አትሂዱ። የአውሮፕላኑና የአልጋው ወጪ ይቅርና፣ የጎንደር ልጅ ጥበቃውን በስም ያውቃል፣ የትኛው መስኮት በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ ያውቃል። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ገጻቸውን ታገኛላችሁ፣ ፒያሳም ስቱዲዮዎች አሉ።

ገጹ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ምርጥ ፎቶዎች አይታችሁ አትወስኑ፤ ከዘጠኝ ሰርግ የተለቀሙ ናቸው። "የአንድ ደንበኛህን ሙሉ ፎቶ አሳየኝ" በሉት። እዚያ ላይ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ታያላችሁ። ፊት እንደ ዱቄት እያነጣ፣ የፋሲልን ድንጋይ ብርቱካን እያስመሰለ የሚያቀናብር ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ያ ድንጋይ ቡናማ ነው፤ ውበቱም እሱ ነው።

3. ሰዓቱ፦ ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው

እኛ በመጀመሪያው ጉዟችን ጠዋት ቁርሳችንን ተዝናንተን በልተን፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ግቢው የገባነው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። "ፀሐዩ ደምቋል፣ ጥሩ ፎቶ ይወጣል" ብዬ እንደነበር ባለቤቴ እስከዛሬ ያስታውሰኛል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ ፀሐዩ ይፋጃል። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በዚያ ሰሞን ቀን 6 ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ጎንደር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ይገባል። ግንባራችሁ ዓይናችሁ ላይ ያጠላል፣ አፍንጫችሁ ከንፈራችሁ ላይ ያጠላል፣ ነጭ ልብስ ይቃጠላል። እኛ ከዓመቱ ሁሉ መርጠን የገባነው በዚያ ሰዓት ነበር።

ጎህ ሲቀድ ገብተን እንነሳ ማለትም አያስኬድም፤ ግቢው በሥራ ሰዓት ነው የሚከፈተው። በሩ ሲከፈት ፀሐይዋ ከወጣች ቆይታለች። ማታም እንደዚሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጡ ትባላላችሁ። ስለዚህ በእጃችሁ ያሉት ሁለት ጊዜዎች ናቸው፦ በሩ እንደተከፈተ ያለው አንድ ሰዓት ከምናምን፣ እና ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስኪዘጋ። ለኔ ሁለተኛው ይበልጣል። ብርሃኑ በጎን ይመጣል፣ የድንጋዩ ሸካራነት ይወጣል፣ ሰዉም ይቀንሳል። በዚያ ቀን በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ግን ቀድማችሁ አጣሩ፤ "ወደ ማታ ይዘጋል" የሚል መልስ አትቀበሉ።

የግድ እኩለ ቀን ላይ ብቻ የሚመቻችሁ ከሆነ ግንቡ ፊት መቆሙን ትታችሁ ወደ ጥላ ግቡ። በሩ ቅስት ሥር፣ ከደፉ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ፊታችሁን ወደ ውጭ። ከውጭ የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው። የኢያሱ ግንብ ጣሪያው ስለፈረሰ ከላይ ብርሃን፣ ከጎን ጥላ ታገኛላችሁ። ያቺን ዘዴ ባውቃት ኖሮ ዓይን ይኖረን ነበር።

ሌላው ስህተታችን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉንም ልንዞር ማሰባችን ነው። ግቢው ብቻውን ዙሪያውን 900 ሜትር ግንብ የታጠረ ነው፤ የፋሲል፣ የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የምንትዋብ እያለ ይቀጥላል። መዋኛው ደግሞ ከዚያ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ በባጃጅ ነው። ሁለት ግንብ መርጣችሁ ቀስ ብላችሁ ተነሱ። ስድስት ቦታ ሮጣችሁ የምታመጡት ስድስት የላበው ፊት ነው። ግቢው ሲዘጋ ብርሃኑ ገና ካለ ወደ ጎሃ ኮረብታ ውጡ፤ ከተማዋን ከነግንቦቿ ከላይ ታገኟታላችሁ፣ እዚያ በር የሚዘጋባችሁ የለም።

ከውጭ ለምትመጡ አንድ ነገር። መልእክት ላይ "8:00" ብላችሁ አትጻፉ። "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" ብላችሁ በፊደል ጻፉ። የባለቤቴ እህት ከዋሽንግተን ሆና 9:00 ብላ ጻፈች፣ ጠዋት ለብሳ ተኳኩላ ሆቴሉ በር ላይ ቆመች፣ ልጁ 9 ሰዓት ላይ ከች አለ። ማንን ልትቆጣ ነው?

4. በሩ ላይ

መታወቂያ ያዙ፤ የአገር ውስጥና የውጭ ዜጋ ዋጋ ይለያያል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላችሁም እንዳትረሱት። የመዋኛው መግቢያ ከግቢው ትኬት ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆረጠው። ይህን ሳላውቅ ነው ቀጥታ ወደ መዋኛው ያመራሁት። በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ጥበቃ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ "እዚህ አይቆረጥም ልጄ፣ ግቢ ነው" አሉኝ። በዚያ ቀሚስ፣ በዚያ ታኮ፣ በባጃጅ ተመልሰን ሄድን። የትኬቱን ቁራጭ እስከ ማታ አትጣሉት።

ትኬቱ የናንተ መግቢያ ነው። የባለሙያ ካሜራ፣ ቪዲዮ፣ ትራይፖድ፣ መብራት፣ አንጸባራቂ ሲኖር የተለየ ክፍያ ወይም ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ይህን እናንተ በስልክ አታጣሩ፤ ፎቶ አንሺውን "ከዋዜማው ሄደህ ጠይቅና ስንት እንደሆነ ንገረኝ" በሉት። የሱን መግቢያ ማን እንደሚከፍልም አብራችሁ ጨርሱ። የከፈላችሁትን ሁሉ በደረሰኝ። ትራይፖድ ለቤተሰብ ፎቶ አያስፈልግም፣ ትርፉ ዓይን መሳብ ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳታስቡት፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰድባችኋል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለፎቶ ፕሮግራም አትያዙት፤ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጫማ አውልቃችሁ፣ ነጠላ ለብሳችሁ፣ ወንድ በወንድ ሴት በሴት በር ገብታችሁ ሳሙ፤ ከጣሪያው ቁልቁል የሚያዩዋችሁን የመላእክት ፊቶች ቀና ብላችሁ እዩ። ማንሳት ከፈለጋችሁ ካህኑን አስፈቅዱ፣ ፍላሽ በፍጹም። የፎቶ አንሺው "ወዲህ ዞር በይ፣ ሳቅ በይ" እዚያ ውስጥ አያምርም።

5. ቀብዱና ስምምነቱ

ከፊሉን በቴሌብር ወይም በባንክ ትልካላችሁ፣ ቀሪውን ፎቶው እጃችሁ ሲገባ። ሙሉውን ቀድሞ የሚጠይቅ ካለ እለፉት። አንድ መልእክት ጽፋችሁ "እሺ" እንዲላችሁ አድርጉ። ቀኑ፣ የመነሻው ሰዓት፣ ለስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት የት እንደምትነሱ፣ የተቀናበረ ስንት ፎቶ እንደሚሰጥ፣ በስንት ቀን፣ ዝናብ ቢመጣ ምን እንደሚሆን፣ እናንተን ሳያስፈቅድ ገጹ ላይ እንደማይለጥፍ። የመጨረሻዋ ታስቃለች። እኔ ያቺን ዓይን አልባ ፎቶ ያገኘኋት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስልክ ላይ ነው።

ፎቶውን የምትቀበሉበት መንገድም አለ። መጀመሪያ ጊዜ ቸኩዬ "በቴሌግራም ላክልኝ" አልኩት፣ 60 ፎቶ ዝርግፍ አደረገልኝ። ስልክ ላይ ያምራሉ። ትልቅ ላሳጥብ ስል ማተሚያ ቤቱ "እህቴ፣ ይሄ ይፈርሳል" አለኝ። ቴሌግራም ፎቶን በተራ መንገድ ሲላክ ያሳንሰዋል፤ "በፋይል ላክ" ሲባል ግን እንዳለ ይመጣል። ከሁሉ የሚሻለው ፍላሽ ዲስክ ነው። ሁለት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያልተቀናበሩትንም ጭምር ከመመለሳችሁ በፊት አስገልብጡ። ዋናውን ፋይል አንዳንዱ አልሰጥም ይላል፤ ስለዚህ ይህም ከቀብዱ በፊት የሚባል ነገር ነው።

6. ልብስና ቀኑ

ነጭ የሐበሻ ቀሚስ በማታ ብርሃን ከዚያ ድንጋይ ጋር የሚያህለው የለም። ታኮውን በፌስታል ያዙ፤ ሣሩና ድንጋዩ ላይ በነጠላ ጫማ ትሄዱና ስትቆሙ ትቀይራላችሁ። ውሃ ያዙ። መርፌ ቁልፍ ያዙ።

ሽማግሌ ካለ መጀመሪያ እሱን አስነሱ፣ ደረጃም አታስወጡ። እማዬን በ9 ሰዓት ተኩል ነው ያስጀመርናት። ልጁ "እማማ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ" አላት። "ምነው፣ ጥርሴን ልትቆጥር ነው?" አለችው። እሱ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፣ እሷ ግን አልሳቀችም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ግንቡን ቀና ብላ አየችው። ያን ጊዜ ነው የተጫነው። ሳሎን ያለው እሱ ነው።