ዘመዳችሁ የሚኖረው በለንደን የቦይ ጀልባ ላይ ከሆነ፦ ለአዲስ አበባ እንግዳ የሚሆን መመሪያ

የለንደን የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲል ብዙ ሰው ኑሮውን ውሃ ላይ አድርጓል። ወንድሜ አንዱ ነው፤ እኔም ከልደታ ኮንዶሚኒየም ተነስቼ እንግዳው ሆኜ ሰንብቻለሁ። ዘመዳችሁ «ቤቴ ጀልባ ነው፣ ኑና ቆዩ» ካላችሁ አትደንግጡ። ውሃ በፈረቃ ለለመደ፣ መብራት ሲጠፋም ሻማውን በጨለማ ዳስሶ ለሚያገኝ ሰው የትምህርቱ ግማሽ አልቋል። እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ቀረው ግማሽ ነው፦ ስለ ሽንት ቤቱ፣ ስለ እሳቱና ጀልባን ከከፍታ ወደ ዝቅታ ስለሚያሻግሩት የውሃ በሮች።

ከመነሳታችሁ በፊት የምትጠይቁት

መጀመሪያ ጀልባው ቋሚ ማቆሚያ እንዳለው ጠይቁ። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ባለ ጀልባ በ1995 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በወጣው ሕግ መሠረት በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት ስለማይፈቀድለት፣ ስትደርሱ ፓዲንግተን ሰፈር ያገኛችሁት ቤት ስትመለሱ ሃክኒ ሰፈር ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሽንት ቤቱን ዓይነት፣ በመጨረሻም የምትተኙበትን ቦታ ጠይቁ። የእንግዳ አልጋ ብዙ ጊዜ ቀን ቀን የምግብ ጠረጴዛ ነው፤ አርፍዶ የሚነሳ እንግዳ ቤተሰቡን ቁርስ ያስጾማል።

ሻንጣ

የተለመደው የቦይ ጀልባ ወርዱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንበሳ አውቶቡስ ይጠባል። ርዝመቱ ግን 21 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ይህ ልክ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በመሃል እንግሊዝ ቦዮች ላይ ከተሠሩት ጠባብ የውሃ በሮች ነው። ደረቅ ሻንጣ እዚያ ውስጥ ማስቀመጫ የለውም፤ መርካቶ ወርዳችሁ ታጥፎ አልጋ ስር የሚገባ የጨርቅ ቦርሳ ግዙ። ጋቢ፣ የማያንሸራትት ጫማና ግንባር ላይ የሚታሰር የእጅ ባትሪ አትርሱ። ቅቤና ቋንጣ ግን እዚሁ ይቅሩ፤ እንግሊዝ ከእኛ አገር የሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ ሻንጣ እንዲገባ አትፈቅድም። ቡናውን ፒያሳ አስቆልታችሁና አስፈጭታችሁ ያዙ። ምክንያቱን እሳቱ ጋ ስንደርስ ታገኙታላችሁ።

መውጣትና መውረድ

መዝለል የለም። አንድ እጃችሁ ሁልጊዜ በጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለውን የብረት መያዣ ይጨብጥ። ጀልባው ከግንቡ ጋር ሊጋጭ ሲል በእጅ ወይም በእግር ልትገፉት አትሞክሩ፤ ከ10 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ነው። በቦዩ ውሃ የአይጥ ሽንት የሚያመጣው ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ውሃውን የነካ እጅ ሳይታጠብ ምግብ አይነካም።

ውሃና መብራት

የቧንቧው ውሃ ከጀልባው ታንከር በፓምፕ ይመጣል፤ ሲያልቅ ቤቱ ራሱ ተነስቶ ወደ ውሃ መቅጃው ይሄዳል። ሮቶ ያስተማራችሁን ሁሉ ተጠቀሙበት፦ ሳሙና ስትቀቡ ውሃውን ዝጉ፣ ሰሃን በሳፋ እጠቡ። የእጣቢው ውሃ የሚፈስሰው በቀጥታ ወደ ቦዩ ነውና ዘይት የነካውን መጥበሻ መጀመሪያ በወረቀት ጥረጉት።

መብራቱ ከባትሪ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ጣሪያ ላይ ያለው ሶላር ወይም የጀልባው ሞተር ነው። ስልክና አምፖል አያስቸግሩም፤ ሙቀት የሚያወጣ ነገር ሁሉ ያስቸግራል፦ ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድማ አይታሰብም፤ እንጀራው ከከተማው የሐበሻ ሱቅ ይገዛል። በሶላሩም አትመኩ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ለንደን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ እሷም ከወጣች።

ሽንት ቤት

ሰው የሚያፍርበት ይህ ክፍል ስለሆነ ረዘም አድርጌ እገልጸዋለሁ። በብዙ ጀልባዎች ከመቀመጫው ስር ካሴት የሚባል፣ 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ተነቅሎ የሚወጣ ሳጥን አለ። ጥቂት ሰዎች ሲጠቀሙበት በሁለት ሦስት ቀን ይሞላል። የመሙያ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ድፉት፤ ሞልቶ የተረፈውን ካሴት ተሸክሞ መራመድን ለማንም አልመኝም።

አደፋፈሩ እንዲህ ነው። የመቀመጫውን የውስጥ ክዳን ዝጉና ካሴቱን ሳቡ። የመድፊያውን በር የሚከፍተውን ቁልፍ ይዛችሁ ባለ ጀልባዎች ወደሚደፉበት ቦታ ውሰዱት። አፉን ወደ መድፊያው አዙሩ፤ ስትደፉ የአየር ማስገቢያውን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጫኑ። ይህን ካላደረጋችሁ እየተንቦጫረቀ ወጥቶ ልብሳችሁን ያበላሻል። እዚያው ባለው የማለቅለቂያ ቧንቧ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፤ ከዚያ ቧንቧ የመጠጥ ውሃ አይቀዳም። መጨረሻ ላይ የሽንት ቤቱን መድኃኒትና ጥቂት ውሃ ጨምራችሁ መልሱት። እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት በጭራሽ አይገባበትም። ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለይ ደረቅ ሽንት ቤት ያለው ጀልባ ከገጠማችሁ ደግሞ ወንዶችም ቁጭ ይላሉ፤ ክርክር የለውም።

«እንግዳ እንዴት ይደፋል» የሚል ዘመድ ይኖራል። እሺ አትበሉት፤ ተራችሁን ድፉ። ሳህን ከማጠብ የበለጠ የሚመሰገነው ይህ ነው።

እሳት

ምግብ የሚበስለው በጋዝ ሲሊንደር ነው። ቤቱን የሚያሞቀው የጭስ ማውጫ ያለው የብረት ምድጃ ነው፤ የሚነድደውም ብዙ ጊዜ ጭስ አልባ የድንጋይ ከሰል ነው። እኛ የምናውቀው የከሰል ማንደጃ ግን በምንም ምክንያት ጀልባ ውስጥ አይገባም። ቤት ውስጥ ፍም አስገብተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎችን ዜና አዲስ አበባም እንሰማለን። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ ጠባብ ጀልባ ውስጥ ደግሞ ለመሙላት ጊዜ አይፈጅበትም። ስለዚህ ማረፊያ ክፍል ያላቸው ጀልባዎች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲኖራቸው ከሚያዝያ 2019 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ግዴታ ሆኗል።

በመጀመሪያው ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። የማስጠንቀቂያውን መሞከሪያ ቁልፍ ተጭናችሁ ድምፁን ስሙ። ከዚያ በበሩና በጣሪያው ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች እዩ፤ ብርድ ገባ ብላችሁ በጨርቅ እንዳትደፍኗቸው። ደጋው ያሳደገን ሰዎች በመጀመሪያ የሚመጣብን ሐሳብ ይኸው ነውና አጥብቄ እናገራለሁ። ማስጠንቀቂያው ከጮኸ፣ ወይም ውጭ ስትወጡ የሚተዋችሁ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ፣ በሮቹን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ። አመድ በብረት ባልዲ ሆኖ ውጭ ይቀዘቅዛል።

ቡናውስ? ጀበናው በምድጃው አናት ላይ በደንብ ይፈላል፤ እንዲያውም በዝግታ ስለሚፈላ አይገነፍልም። መቁላት ግን የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል። ዕጣንም ፍም ስለሚፈልግ ይቀራል።

የውሃ በሮች

ጀልባው ሲንቀሳቀስ እንግዳ ሥራ ይሰጠዋል። በ1820 ተጠናቆ የተከፈተው የሪጀንትስ ቦይ ከፓዲንግተን አንስቶ ቴምዝ ዳር እስካለው ላይምሃውስ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ቁልቁለቱን የሚወርደው ሎክ በሚባሉ፣ ከፊትም ከኋላም በር ባላቸው የግንብ ክፍሎች ነው።

ወደ ታች ስትወርዱ ጀልባው ከገባ በኋላ የኋላው በር ይዘጋል። በብረት ማዞሪያው የታችኛውን በር የውሃ መልቀቂያ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ። ውሃው በሁለቱም ወገን እስኪስተካከል ጠብቁ፤ ሳይስተካከል በሩ በጉልበት አይከፈትም። ሲስተካከል በሩን በወገብ ደግፋችሁ ግፉት። እስከዚያው ዓይናችሁ ከጀልባው ጀርባ አይነሳ፦ ከኋላው በር ስር ተደብቆ ያለው የግንብ ደረጃ ውሃው ሲጎድል ይወጣል፤ የጀልባው ጀርባ እሱ ላይ ከተቀመጠ አፍንጫው ይዘቀዘቅና ጀልባው ሊሰጥም ይችላል። ግንቡ ላይ ነጭ መስመር የተቀባው ለዚህ ነው፤ ጀልባው ከመስመሩ ወደፊት ይሁን። በዚህ ጊዜ ገመድ አጥብቆ ማሰርም አይገባም፣ ውሃው ሲወርድ ጀልባው ይንጠለጠላል። አንድ ሰው ከጮኸ ምክንያቱን ሳትጠይቁ መልቀቂያውን ዝጉ።

መሪውን ከሰጧችሁ፣ እጀታው ወደ ግራ ሲገፋ ጀልባው ወደ ቀኝ እንደሚዞር አስታውሱ። የቆሙ ጀልባዎች አጠገብ ስታልፉ ፍጥነት ቀንሱ፤ በመደበኛው መንገድም ቢሆን የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ነው።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ጀልባው በቆመበት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተር አይነሳም። ጠዋት ወደ ከተማ ስትወጡ ደግሞ ማታ ጀልባው የት እንደሚቆም ጠይቁ። የቦዩ ድልድዮች ቁጥር አላቸው፤ የቅርቡን ድልድይ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ።