የሶል ድምፃዊ የፊልም ማጀቢያ አልበም እንዴት ይሠራል? ከጣና ዳር ለሚነሱ ሙዚቀኞች

አንድ ድምፃዊ የፊልም ማጀቢያ አልበም እንዲሠራ ሲጠየቅ እጁ ቶሎ ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል። እኔ በባሕር ዳር በቅንብር ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ስሆን፣ ዜማ ከመፈለግዎ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን እንዲመልሱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ፊልሙ በምስል የማይናገረው ነገር ምንድን ነው? ያንንስ መናገር ያለበት የማን ድምፅ ነው? የሶል (ስሜት የሚጫነው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ድምፃዊ ትልቁ ሀብት የሰውን ልብ የሚከፍት ድምፁ ነው፤ ይኸው ሀብት በፊልም ውስጥ ትልቁ አደጋውም ይሆናል፤ ዘፈን ሲገባ ተመልካቹ ከተዋናዩ ይልቅ ዘፋኙን ማዳመጥ ይጀምራልና።

ይህን ለመማር አሜሪካዊው የሶል ድምፃዊ ከርቲስ ሜይፊልድ እ.ኤ.አ. በ1972 ለ«ሱፐር ፍላይ» ከሠራው ሥራ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ፊልሙ የአንድ ኮኬይን ነጋዴን ሕይወት የሚተርክ ሲሆን፣ ሜይፊልድ ስክሪፕቱን ወድዶ ሥራውን ቢጀምርም የተቀረጸውን ምስል ሲመለከት ለኮኬይን የተሠራ ማስታወቂያ መስሎ ታየው። ምስሉን የመለወጥ ሥልጣን ስላልነበረው ሐሳቡን በግጥሞቹ ውስጥ አስቀመጠ፤ ካሜራው የነጋዴውን ድምቀት ሲያሳይ አልበሙ በንግዱ ምክንያት ስለሚጠፉት ሰዎች ይናገራል። ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ ግን ፍሬዲ ስለተባለው የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ሞት የሚያወራው ዘፈን ነው፤ በአልበሙ ላይ ሙሉ ግጥም ያለው ሆኖ ሳለ በፊልሙ ውስጥ የሚሰማው በመሣሪያ ብቻ ነው። በ1971 ለ«ሻፍት» ፊልም የሠራው አይዛክ ሄይስም በመክፈቻው ዜማ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት ከ2 ደቂቃ በላይ «ዋህ ዋህ» የሚል ድምፅ የሚሰጠውን ጊታርና የሃይ ሃቱን (የድራሙን ጥንድ ሳህን) ምት ያስኬዳል፤ በዚህ ሥራው በ1972 የምርጥ ኦሪጅናል ዘፈን ኦስካር ተሸልሟል። ማርቪን ጌይ ደግሞ በ1972 «ትራብል ማን»ን ሲሠራ አብዛኛውን አልበም ያለ ግጥም በመሣሪያ ሞላው። ሦስቱም በድምፃቸው የታወቁ ሰዎች ሆነው ሳለ በፊልም ውስጥ ድምፃቸውን ቆጥበዋል።

የሶል ስሜት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዓለማየሁ እሸቴ በአሜሪካዊው የሶል ድምፃዊ ተመስሎ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የሚል ስም ያተረፈው በከንቱ አልነበረም። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎችም ከተቀረጹ ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ ሲገቡ ለዚያው ፊልም የተሠሩ ይመስሉ ነበር፤ ያለ ግጥም ስለሚሄዱ ለተዋናዩ ዝምታ ቦታ ይተዋሉ።

ሥራውን በተጨባጭ ለማሳየት አንድ ታሪክ እንያዝ። አባቱ በዘጌ ዳርቻ ከደንገል (በውሃ ዳር ከሚበቅል ቄጠማ) ታንኳ የሚሠራ ወጣት፣ በአባቱ ታንኳ እንጨት እየጫነ ወደ ባሕር ዳር ያመላልሳል፤ ከዕለታት አንድ ቀን በሞተር ጀልባ እንግዶችን ወደ ገዳማቱ የማድረስ ሥራ አግኝቶ አባቱን ትቶ ይሄዳል። ያልተጠናቀቀው ኤዲት ሲደርስዎ በመጀመሪያ ያለ ብዕርና ያለ መሣሪያ አንድ ጊዜ ሙሉውን ይመልከቱት። በሁለተኛው ጊዜ ከዳይሬክተሩ ጋር ተቀምጠው በደብተር ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፤ በአንደኛው ሙዚቃው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ደቂቃና ሴኮንድ፣ በሁለተኛው የሚታየውን፣ በሦስተኛው የሚነገረውን፣ በአራተኛው ገጸ ባሕርይው የሚደብቀውን ይጻፉ። በእኔ ደብተር አንዱ መስመር የሚከተለውን ይመስላል፦ «ከ14፡20 እስከ 15፡00፤ ልጁ ታንኳውን ከደንገሉ መካከል ገፍቶ ያወጣል፣ አባት ከኋላ ቆሟል፤ አይነጋገሩም፤ ልጁ ዛሬ እንደማይመለስ ያውቃል።» አራተኛው ዓምድ ባዶ የሚቀርበት ትዕይንት ካለ ምናልባት ሙዚቃ አያስፈልገውም፤ ይህን ለዳይሬክተሩ በግልጽ መናገር የአቀናባሪው ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሒሳብ ሥራ ብዙዎች የሚፈሩት ቢሆንም ቀላል ነው። ቴምፖው፣ ማለትም የዜማው ፍጥነት፣ በደቂቃ 72 ምት ቢሆን አንድ ምት 0.83 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ ፊልሙ በሴኮንድ 24 ፍሬም የሚሄድ ከሆነም እያንዳንዱ ምት በትክክል 20 ፍሬም ላይ ያርፋል። ከላይ የጠቀስሁት የ40 ሴኮንድ ትዕይንት 48 ምት፣ በአራት አራት ሲከፈል ደግሞ 12 ባር ይሆናል። ኤዲተሩ በኋላ ትዕይንቱን ወደ 43 ሴኮንድ ቢያስረዝመው ባር መጨመር ሳያስፈልግ ቴምፖውን ወደ 67 ማውረድ ይበቃል። ኤዲቱ መቆለፉ፣ ማለትም ከእንግዲህ እንደማይለወጥ፣ እስኪረጋገጥ ድረስ ግን ድምፃዊውንም ሆነ ተጫዋቾቹን ወደ ስቱዲዮ አይጥሩ፤ እስከዚያ በኪቦርድ የተሠራ ንድፍ በቂ ነው።

ስለ ቅኝት በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ የሶል ድምፃዊ በአማርኛ ሲሠራ የሚከብደውም የሚቀልለውም እዚህ ላይ ነው። ማይነር ባቲ «ሲ» ከተባለው ኖታ ሲነሳ ሲ፣ ኢ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ኢ)፣ ኤፍ፣ ጂ እና ቢ ፍላት ሲሆን፣ ይህ ብሉዝና ሶል ከሚመላለሱበት ማይነር ፔንታቶኒክ ከተባለው ባለ አምስት ኖታ ስልት ጋር አንድ ነው። ስለዚህ በሶል ያደገ ጉሮሮ በባቲ ላይ ሲያንጎራጉር ከቤቱ አይወጣም፤ የሶል ኮርዶችም (በአንድነት የሚመቱ ኖታዎች) ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ይከተሉታል። ትዝታ በሜጀሩ ለስለስ ያለ፣ የጎስፔል ኦርጋን ቢደገፍበት የሚያምር ቅኝት ነው። አንቺ ሆዬ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከ«ሲ» ሲነሳ ጂ ፍላትን ይይዛል፣ በሶል የለመድናቸው ኮርዶች ደግሞ ሙሉውን ጂ ስለሚያስገቡ ሁለቱ ይጋጫሉ። በአንቺ ሆዬ መሥራት ከፈለጉ ኮርዱን ትተው ቤዝ ጊታሩ በአንድ ድምፅ ላይ እንዲቆም ያድርጉና ማሲንቆው ብቻውን ይሂድበት። ልጁ በሌሊት ማዕበል ላይ ብቻውን ለሚሆንበት ትዕይንት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። አንድ ፊልም ውስጥ አራቱንም ቅኝቶች (ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺ ሆዬንና አምባሰልን) ማሳየት አስፈላጊ አይደለም፤ ለአባት አንድ፣ ለልጅ አንድ ቅኝት መድቦ በመጨረሻ የአንዱን ዜማ በሌላው መሣሪያ ማጫወት የበለጠ ይናገራል።

ግጥምን በሚመለከት የራሴን ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ከቤቱ ለሚወጣበት ትዕይንት ከአንዲት ድምፃዊት ጋር ዘፈን ሠራን። ግጥሙ ልጁ እንደሚሄድ፣ እናቱ እንደምታለቅስ፣ መንገዱ አቧራማ እንደሆነ ይናገር ነበር፤ ሁሉም በምስሉ ላይ ይታያል። ዳይሬክተሩ በመጨረሻው ኤዲት ዘፈኑን በሙሉ አወጣው፤ ሳየው እውነቱን ነበር። ተመልካቹ በዓይኑ ያየውን በጆሮው ደግመን ነግረነው፣ እናቱ ፊት ላይ የነበረውን ነገር ጋርደነው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምከተለው መንገድ የሰምና ወርቅ ልማዳችን ነው። ለማጀቢያ የሚጻፍ ግጥም ሰሙ ከፊልሙ ዕቃ የተቀዳ፣ ወርቁ ግን ፊልሙን ያላየ አድማጭም የራሱን ሕይወት የሚያገኝበት መሆን አለበት። የደንገል ታንኳ ብዙ ሲቆይ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል፤ ባለቤቱም ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። ከዚህ ተነስቶ እንዲህ ማለት ይቻላል፦

ውሃውን ጠጣና ታንኳዬ ከበደ፤
ያሻግረኛል ስል ይዞኝ ተሰደደ።

በፊልሙ ውስጥ ይህ ስለ ታንኳ ነው፤ በአልበሙ ላይ ግን ባመነበት ነገር የተወሰደ ማንኛውም ሰው የእኔ ነው ይለዋል። እነዚህን ስንኞች ሰዎች በሚነጋገሩበት ትዕይንት ላይ አያስገቡ። በሚነገር ቃል ላይ የግድ የሰው ድምፅ ካስፈለገ እንጉርጉሮ ይሁን፤ አፍን ገጥሞ፣ ያለ ቃል፣ ከማይክራፎኑ ቀረብ ብሎ። የንግግር ቃላት ተለይተው የሚሰሙት በተለይ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ባለው ክልል ስለሆነ፣ በዚያ ክልል የሚጮኹትን ሳክስፎንና ማሲንቆ በንግግር ጊዜ ማሳረፍ ወይም በሚክሲንግ ዝቅ ማድረግ ይገባል።

የጣና ድምፅም የቅንብሩ አካል ነው። የመቅዘፊያው ምት፣ የወፎቹ ጩኸት፣ የሞተር ጀልባው ጉርምርምታ በፊልሙ ድምፅ ውስጥ አስቀድመው ገብተው ይጠብቁዎታል። በተለይ ሞተሩ የራሱ ድምፀት አለው፤ የስልክ ቱነር አስጠግተው ቢያዩት የትኛው ኖታ አጠገብ እንዳለ ይነግርዎታል። አንድ ጊዜ የእኔ ቤዝ ጊታር ከሞተሩ በግማሽ ድምፅ ርቆ ስለነበር ትዕይንቱ በሙሉ የታመመ ይመስል ነበር፤ ዜማውን በግማሽ ድምፅ ከፍ ሳደርገው ጀልባው የባንዱ አባል ሆነ።

ወደ ቀረጻ ሲገቡ ከመጀመሪያው በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ይቅረጹ፤ የፊልም ሥራ የሚሄደው በዚህ ነው። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ድምፃዊ መቅረጽ አይቻልም፤ የድምፅ ቀረጻዎን ከዝናቡ ወቅት ውጭ ያድርጉት ወይም በጠዋቱ ሰዓት ይጨርሱት። የማሲንቆ ጭራና ቆዳ፣ የከበሮም ቆዳ እርጥበትን ስለሚሰሙ፣ ከሐይቁ ዳር የመጣ መሣሪያ ወደ ስቱዲዮ ከገባ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርፎ እንደገና ይቃኝ። ሁሉም መሣሪያ ለየብቻው፣ የድምፃዊውም ድምፅ ለብቻው ተለይቶ ለፊልሙ የድምፅ ባለሙያ ይሰጥ፤ እርሱ ቃለ ተውኔቱን ለማስቀደም የትኛውን ዝቅ እንደሚያደርግ መምረጥ አለበትና።

ውሉ ከዚህ ሁሉ በፊት በጽሑፍ መጠናቀቅ ነበረበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ነገር ግን ዜማውን ለፊልሙ መፍቀድና አልበሙን የማውጣት መብትን ማስረከብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ በውሉ ላይ በተለያየ አንቀጽ ይቀመጡ። የአቀናባሪው፣ የገጣሚውና የተጫዋቾቹ ድርሻም እዚያው ይጻፍ።

በመጨረሻ አልበሙ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አይዛክ ሄይስ የ«ሻፍት»ን ሙዚቃ ለፊልሙ በሆሊውድ ከቀረጸ በኋላ ለአልበሙ በሜምፊስ እንደገና ቀርጾታል፤ ለ40 ሴኮንድ ትዕይንት የተሠራ ዜማ በአድማጭ ጆሮ ሲገባ ጀምሮ የተቋረጠ ይመስላልና። ስለዚህ ከፊልሙ ሙዚቃ አምስት ወይም ስድስት ዜማዎችን መርጠው ባንዱን በአንድ ክፍል ሰብስበው ዘርጋ አድርገው ያጫውቱ፤ በፊልሙ ውስጥ በእንጉርጉሮ ብቻ ያለፈው ዜማ እዚህ ሙሉ ግጥሙን ያግኝ። በእኛ ምሳሌ የአባትየው ዜማ በፊልሙ ውስጥ አንድም ቃል የለውም፤ በአልበሙ ግን ታንኳው ውሃ መጠጣቱን የሚናገሩት ሁለት ስንኞች የሚሰሙት በእርሱ ላይ ነው፤ የምናስቀምጠውም ልጁ ከሄደበት የሞተር ጀልባ ዜማ ቀጥሎ፣ በመካከላቸው የሐይቁን ድምፅ ብቻ ለ10 ሴኮንድ ትተን ነው።