የቢዋ ሐይቅን ለመዞር ብስክሌት ስከራይ ስሜን አልቀበል ያለው ቅጽ

በጃፓን ሺጋ ግዛት የሚገኘውን የቢዋ ሐይቅ ለመዞር በኢንተርኔት ብስክሌት ልከራይ ብዬ ሦስት ምሽት ባከነብኝ። ቅጹን ሞልቼ በላክሁ ቁጥር የስሙ ሳጥን ቀልቶ ይመለሳል።

መጀመሪያ ስሜን እንደ ፓስፖርቴ በላቲን ፊደል ጻፍሁ፤ እምቢ አለ። ማስጠንቀቂያውን ሳስተረጉመው የሚፈልገው ካታካና ነው፤ ጃፓኖች የውጭ አገር ስም የሚጽፉበት ፊደል። ስሜ አበበ መሆኑ በጀኝ፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ኦሎምፒክን ማራቶን ካሸነፈው ከአበበ ቢቂላ የጃፓንኛ ገጽ ላይ ቀዳሁት። የአባቴን ስም ግን ራሴ ጻፍሁ። አሁንም እምቢ!

ጥፋቱ የፊደሉ ስፋት ነበር። ካታካና በኮምፒውተር ላይ ጠባብና ሰፊ ሆኖ ይጻፋል፤ ለአንባቢ አንድ ነው፣ ለቅጹ ግን ሌላ ፊደል። በዊንዶውስ የጃፓንኛ መጻፊያ ስሙን በላቲን ቁልፎች ከጻፍሁ በኋላ የምጫነው ኤፍ8 ጠባቡን ነበር የሚያወጣው። ኤፍ7 ስጫን ሰፊው መጣ። የአባቴን ስም በፊተኛው ሳጥን፣ የእኔን በኋለኛው፣ ያለ ባዶ ቦታ አስገባሁ። አለፈ።

ስልኩም በ0 የሚጀምር የአገሩ ቁጥር ይፈልጋል፤ የማርፍበትን ሆቴል አስፈቅጄ የእነርሱን ሰጠሁ።

ኪራዩን ለሁለት ቀን ያዙት፤ ሙሉው ዙር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጃፓን በግራ ስለሚነዳ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ከዞራችሁ ሐይቁ ሁልጊዜ በእናንተ በኩል ይሆናል።