ደሙ ሲቆም የሚሠሩ ስህተቶች

የዓሣ አጥንት ሲሰካ ከማዕድ ዙሪያ የሚሰማው ምክር የታወቀ ነው፦ እንጀራ ጠቅልለህ ጉረስ፣ ሳታላምጥ ዋጥ። ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። የምግብ ቧንቧ ደረት ውስጥ ሲወርድ አኦርታ፣ ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ሥር፣ ታጥፎ በሚያልፍበት ቦታ ይጠብባል። ስለታም አጥንት አንዳንዴ የሚያዘው እዚያ ነው። ጉርሻው ሲጫነው ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ወደ ጎን ይሰነቀራል፤ ግድግዳውን በስቶም ከቀናት በኋላ አኦርታውን ሊያገኘው ይችላል። በሁለቱ መካከል የሚከፈተው ቀዳዳ ፊስቱላ ይባላል። ያበጠ አኦርታ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር፣ ቀደም ሲል አኦርታው ውስጥ የገባ ስቴንትም (የደም ሥርን ከውስጥ የሚሸፍን ቱቦ) ያመጡታል። ብርቅ ሕመም ነው፤ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት «ጨጓራ ነው» ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ደም ያስመለሰ ሁሉ ጨጓራ አለበት። ሐኪሙ ኪያሪ በ1914 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የዚህን በሽታ አካሄድ በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፦ መጀመሪያ የደረት ሕመም ወይም የመዋጥ ችግር፣ ከዚያ ደማቅ ቀይ ደም በመጠኑ ማስመለስ፣ ከጸጥታ ጊዜ በኋላ ደግሞ የማይቆም መድማት። ጸጥታው ነው የሚያታልለው። ደም ግፊት ሲወርድ ቀዳዳውን የረጋ ደም ይደፍነዋል። ግማሽ ስኒ ደም አስመልሶ ድንገተኛ ክፍል የገባው ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ውኃ ይጠይቃል፣ ጫማውን ይፈልጋል፣ «ተሽሎኛል፣ ልሂድ» ይላል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞልና የሳምንት ቀጠሮ ይዞ ይወጣል። የተሰጠው ጊዜ ግን ሰዓታት ወይም ጥቂት ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያስመለሰውን ደም መጠን ከመለካት ባልተናነሰ ሁለት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል፦ ሰሞኑን አጥንት ወይም ሌላ ነገር ውጠሃል? አኦርታህ ታክሞ ያውቃል?

ጥርጣሬው ካለ ሰውየውን በቀጥታ ወደ ኤንዶስኮፒ፣ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ወደሚገባበት ምርመራ፣ ክፍል መውሰድ ሌላው ጥፋት ነው። መሣሪያው የሚነፋው አየርና የሚነካካው ነገር የረጋውን ደም ሊያነሳው ይችላል። ከዚያ ናሙና መቁረጥማ አይታሰብም። በሽተኛው የተረጋጋ ከሆነ የደም ሥርን በሚያሳይ መድኃኒት የሚሠራው ሲቲ ስካን ይቅደም። ኤንዶስኮፒ የግድ ከሆነም ቀዶ ሐኪሙና የማደንዘዣ ባለሙያው ባሉበት፣ ደም ተዘጋጅቶ ይሁን። የተሰካ አጥንት ቢታይም እንዳገኙ ስቦ ማውጣት ቡሹን ከጠርሙሱ መንቀል ነው። ግሉኮስ አብዝቶ የደም ግፊቱን ለማስተካከል መጣደፍም መድፈኛውን ይገፋዋል።

በእኔ አስተያየት ዛሬ በብዛት የሚሠራው ስህተት ግን ከስቴንት በኋላ ያለው ነው። በብሽሽት በኩል ገብቶ ቀዳዳውን ከውስጥ የሚሸፍነው ስቴንት ድንቅ ነገር ነው፤ ሊሞት የተቃረበን ሰው በአጭር ጊዜ ይታደጋል። ደሙ ይቆማል፣ ቤተሰብም ያለቀሰውን ዓይን ይጠርጋል። የምግብ ቧንቧው ግን አሁንም ክፍት ነው። ምራቅና ተህዋሲያን በዚያ በኩል እያለፉ ስቴንቱን ይበክሉታል፤ ሲቆይ ትኩሳቱ ይመጣል፣ ደሙም ይመለሳል። ሕመሙ በጣም የበረታበት ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው በስቴንት ብቻ እንዲቆይ ሊወሰን ይችላል። ለሌላው ግን ስቴንት ወደ ዋናው ቀዶ ሕክምና መሻገሪያ ድልድይ ነው።

ዋናው ቀዶ ሕክምና ከባድ ነው፤ አኦርታውን ሰፍቶ የምግብ ቧንቧውን መርሳት የሚያጋጥመውም ለዚህ ይመስለኛል። ቀዳዳው ትንሽና ገና ያልተመረዘ ከሆነ በስፌት መዝጋት ይቻላል። ኢንፌክሽን ከገባ ግን የተበላሸው የአኦርታ ክፍል ወጥቶ ከሟች ለጋሽ የተወሰደ አኦርታ ወይም ሪፋምፒሲን በተባለ አንቲባዮቲክ የተነከረ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ይተካል። የምግብ ቧንቧውም ይወጣል፤ አዲሱ አኦርታ በሞራ ይጠቀለላል። አዎን፣ ሥጋ ቤት የምናውቀው ሞራ፤ የሰውም ሞራ ደም በደንብ ስለሚያገኝ ኢንፌክሽን ይከላከላል። አንቲባዮቲኩ ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ለወራት ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ለበሽተኛው አስቀድሞ አለመንገር ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ሲነቃ ምራቁ አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይፈስሳል፣ ምግብ በሆዱ በኩል በቱቦ ይገባል። ከጨጓራ ወይም ከትልቁ አንጀት አዲስ የምግብ ቧንቧ የሚሠራለት ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ሚስቱ ለጉርሻ የዘረጋችውን እጅ ለምን እንደመለሱባት ሊያስረዳት የሚችል ሰው አጠገቧ መኖር አለበት።

ልጆችን በተመለከተ አንድ ልጨምር። ክብ የሰዓት ወይም የሪሞት ባትሪ የዋጠ ሕፃን ባትሪው ከወጣለት በኋላ ድኗል ብሎ መተው አይገባም። ባትሪው በምግብ ቧንቧ ውስጥ በ2 ሰዓት ጊዜ ማቃጠል ይጀምራል፤ ከወጣ በኋላም ቁስሉ ወደ አኦርታው መጥለቁን ሊቀጥል ይችላል። ልጁ እየሮጠ፣ እየበላ፣ ሁለት ሳምንት አልፎ እንኳ ትራሱ ላይ ጥቂት ደም ከታየ ወይም ሰገራው ከጠቆረ፣ ቢነጋም ባይነጋም የልብና የደረት ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ፤ ባትሪ ውጦ እንደነበርም በር ላይ ይነገር።