ሳሎኑን መጀመሪያ አትቀቡት፦ እየኖሩበት ቤት ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወላጆቻችንን ቤት ማደስ ስንጀምር መጀመሪያ ያነሳነው የቀለም ብሩሽ ነበር። ሳሎኑ ፈካ፣ ሁላችንም ደስ አለን። አምስት ወር ሳይሞላ ግን ያው ግድግዳ በመሮና በመዶሻ ሲቦረቦር ቆሜ አየሁ። አንዱ ሶኬት መጋል ጀምሮ ነበር። ሲከፈት የሽቦው ልባስ ደርቆ ረግፏል፣ መዳቡ ገጥጧል። ለአንድ ሳሎን ሁለት ጊዜ ቀለም ገዛን።

ሰው እየኖረበት የሚታደስ ቤት ከባዶ ቤት ይለያል። ሥራው ይቆራረጣል፣ ገንዘቡ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚመጣው፣ መሀል ላይ ደግሞ የሚያጠና ልጅና የሚተኛ ሽማግሌ አለ። ስህተቱም የራሱ ዓይነት ነው። ከታች ካሉት አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ዓይን ከሚያየው መጀመር

ቀለምና ሴራሚክ ቶሎ ያስደስታሉ፤ ችግሩም እሱ ነው። መቅደም ያለበት ጣሪያው፣ አሸንዳውና ውሃው ከመሠረቱ የሚርቅበት መንገድ ነው። ቀጥሎ ስንጥቅና ምሰሶ፣ ከዚያ ሽቦና ቧንቧ፣ ከዚያ ልስን ይመጣል። ቀለምና ወለል መጨረሻ ላይ ናቸው። ሥራው አምስት ዓመት ቢፈጅም ቅደም ተከተሉ አይቀየርም። ጣሪያው እያፈሰሰ አዲስ ኮርኒስ መምታት ገንዘብን ለዝናብ መስጠት ነው።

እርጥበትን በቀለም መሸፈን

የረጠበ ግድግዳ ቢቀቡት ቀለሙ ጥቂት ቆይቶ ያብጥና ይላጣል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ቀላል ፍተሻዎች አሉ።

አንደኛው፦ በረጠበው ቦታ ላይ ትንሽ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቁና ሁለት ቀን ተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ ኋላ፣ በግድግዳው በኩል ከያዘ ውሃው ከግድግዳው ነው። በእናንተ በኩል ከያዘ ደግሞ የቤቱ አየር ራሱ ታፍኗል፤ መስኮት መክፈት ወይም የእንፋሎት መውጫ ማበጀት ሊበቃ ይችላል።

ሁለተኛው፦ ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ መልሳችሁ አንብቡ። ከተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ ላይ ቧንቧ እያፈሰሰ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ድሮ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። የጭቃ ወይም የኖራ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል። «ይጠንክር» ተብሎ በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋል። ውሃው ውስጥ ይታቆርና ግድግዳውን ያላላዋል፣ ልስኑም በቁራጭ በቁራጭ ይፈነቀላል። እንዲህ ያለ ግድግዳ የሚለሰነው በአመሉ ነው፦ ጭቃው በጭቃ፣ የኖራው በኖራ።

ስንጥቅን በስቱኮ ደፍኖ መርሳት

ከመድፈናችሁ በፊት በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ አስምሩና ቀን ጻፉበት። ስፋቱንም ለኩ። ለጥቂት ወራት ተከታተሉት። ከልስኑ የማያልፍ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙም አያስጨንቅም። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ እየሰፋም የመጣ ከሆነ ግን መሐንዲስ ጥሩ። «ሳሎኑን እናስፋው» ብላችሁ ግድግዳ ለማፍረስ ስታስቡም ያው ነው። ጣሪያ የተሸከመውንና ያልተሸከመውን ግድግዳ አንኳኩቶ መለየት አይቻልም።

ሁሉንም ክፍል ባንዴ ማፍረስ

እኛ ያለንን አንድ ሽንት ቤት አፈረስነው። ሠራተኛው «በሦስት ቀን ያልቃል» ብሎን ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ፎጣ አንጠልጥዬ የጎረቤት በር ሳንኳኳ ሰውየው እኔን ሲያይ ምን እንደምፈልግ መጠየቅ ትቶ ነበር።

ያለው መታጠቢያ አንድ ብቻ ከሆነ ጊዜያዊው ሳይዘጋጅ አይነካም። ወጥ ቤቱም እንደዚያው። አንድ ክፍል ደግሞ ንፁህ ሆኖ ይቆይ፦ አቧራም መሣሪያም የማይገባበት፣ ሁሉም ሰው የሚሸሸግበት። የጀመሩትን ክፍል ሳይጨርሱ ሌላውን መክፈት የለም። ይህንን ደንብ ስናፈርስ ነው ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ የጀመረው።

አቧራውን መናቅ

ይሄኛው ቀልድ አይደለም። አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ ለቤት ቀለም የከለከለችው እንኳን በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙ አገሮች ከዚያ ዘግይተዋል። በደረቁ ሲፈገፈግ ብናኙ ይበተናል፤ የትንንሽ ልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ እያረጠቡ መፋቅ፣ የክፍሉን በር በላስቲክ መዝጋት፣ ሲጨርሱ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል። ልጆችና ነፍሰ ጡር እዚያ አካባቢ ባይኖሩ ይመረጣል።

አስቤስቶስ የሚባለው ቃጫ መሰል ማዕድን ደግሞ በአሮጌ የሲሚንቶ ጣሪያ ክዳን፣ በወለል ንጣፍና በቧንቧ መጠቅለያ ውስጥ ይገኛል። ካልተነካ አደጋው ያንሳል። ሲበሳ፣ ሲሰበር ወይም ሲጠረግ ግን ለሳንባ ካንሰር የሚያጋልጥ ብናኝ ይለቃል። ከጠረጠራችሁ ሳትነኩት ባለሙያ አሳዩ።

ለሲሚንቶ ጊዜ መንፈግ

አዲስ ልስን ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውሃ ይጠጣል፤ ለቀለም አራት ሳምንት ገደማ ይጠብቃል። ሻወር ቤት ላይ ደግሞ የውሃ መከላከያው ከተቀባና ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ሳይነጠፍ፣ ፍሳሹን ድፈኑና ወለሉን ውሃ ሞልታችሁ 24 ሰዓት ተዉት። ልኩ ከቀነሰ ወይም ከስር ካረጠበ ገና ነው።

ገንዘቡን እስከ መጨረሻው ሳንቲም መመደብ

አሮጌ ግድግዳ ሲከፈት ያልታሰበ ነገር ይወጣል። ከአምስት አንዱን እጅ አስቀሩ። ሴራሚክ ስትገዙም ትርፍ ያዙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ዓይነት ማግኘት ዘበት ነው።

የተከፈተን ግድግዳ ሳያዩ መድፈን

በየተራ ለሚያድስ ሰው የተከፈተ ግድግዳ ዕድል ነው። የቀጣዩ ክፍል ሽቦ በዚያ የሚያልፍ ከሆነ ባዶ ኮንዲዩት (ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ) አሁኑኑ ቅበሩ። የድሮው መስመር የመሬት ሽቦ (ከኤሌክትሪክ ንዝረት የሚጠብቀው) ከሌለው አስገቡለት። ከመለሰኑ በፊት ደግሞ ሜትር ዘርግታችሁ ግድግዳውን ፎቶ አንሱ፤ ሽቦው ከወለሉ በስንት፣ ቧንቧው ከጥጉ በስንት እንደሆነ ይታይ።

እኔ ፎቶ ሳላነሳ ያስለሰንኩት አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። መደርደሪያ ልሰቅል ስበሳ ውሃው ፊቴ ላይ የፈነዳብኝ እዚያው ነው።