ለሁለት ሰው የኤሌክትሪክ ድስት ስትገዙ

ቤታችን ሁለት ነን፤ እኔና እማዬ። የኮንዶሚኒየም ኩሽናችን ምጣዱ ከተቀመጠበት ሌላ ነገር አያስገባም። ስለዚህ የሚያቁላላም፣ ሩዝ የሚሠራም፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስልም አንድ ዕቃ ፈለግን።

ለሁለት ሰው 3 ሊትር ይበቃል። ሻጩ «6ቱን ውሰጂ፣ እንግዳ ይመጣል» ማለቱ አይቀርም። እንግዳ ግን በየቀኑ አይመጣም። ብቻ በግፊት ስታበስሉ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ከሆነ ግማሹ ላይ ማቆም ነው፤ ያብጣሉ፣ አረፋቸውም የእንፋሎት መውጫውን ይደፍናል። የሳምንት ወጥ ሠርታችሁ ፍሪጅ የምታስገቡ ከሆነ ብቻ ትልቁን እዩ።

የቁልፉ ብዛት አያታላችሁ። «ሾርባ»፣ «ሥጋ»፣ «ባቄላ» የሚሉት በአብዛኛው ያው አንድ ማሞቂያ ነው፤ የሚለያየው ደቂቃው ነው። ደቂቃውን ራሳችሁ መጨመር መቻላችሁን ግን አረጋግጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሽምብራ አልበስል እያለ ጋዝና መብራት የሚጨርሰው ለዚህ ነው። የተዘጋው ድስት ሙቀቱን ከ100 በላይ ያወጣዋል፤ ቢሆንም መመሪያው 20 ደቂቃ ካለ እኔ 25 አደርገዋለሁ።

የውስጡን ድስት አውጥታችሁ ዳብሱት። ጥቁር ቅብ ያለው በጭልፋ ይፋቃል፤ ስቴንለሱ፣ ያውም መቀመጫው ወፍራም የሆነው፣ ለእኛ ቁሌት ይሻላል። ክዳኑ ተከፍቶ ማቁላላት የማይችል ከሆነ ተዉት፤ ሽንኩርቱን ሌላ ድስት ላይ ልትሠሩ ነው። ሽሮ ደግሞ በግፊት አይሞከርም። ወፍራም ስለሆነ ታች ይይዛል።

ክዳኑ ላይ ያለው ጎማ የወጡን ሽታ ከያዘ አይለቀውም። እማዬ አንዱን ለጾም፣ አንዱን ለፍስክ ካልገዛሽ አልበላም ብላ ሁለት ጎማ ገዛን። ቀልድ ቢመስልም ልክ ናት፤ ጎማው ሲያረጅ እንፋሎት ስለሚያፈስ መለዋወጫ የማይገኝለትን ሞዴል አትግዙ።

አክስቴ ከሜሪላንድ ልላክልሽ ብላኝ ነበር። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ሌላ ወጪና ሌላ ሸክም ነው። በትህትና እምቢ አልኩ።

3 ሊትሩ 700 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው፤ ምጣድ ከ3,000 ያልፋል። ሁለቱን በአንድ ቀጭን ዲቫይደር አትሰኩ። መብራት ሲጠፋ ክዳኑን ለመክፈት አትታገሉ፤ የታመቀው እንፋሎት ለጥቂት ጊዜ ማብሰሉን ይቀጥላል። መብራቱ ሲመለስ አንዳንዱ ካቆመበት ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ሁሉን ረስቶ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ውኃ አስጨምራችሁ አስጀምሩት፣ ሶኬቱን ንቀሉና መልሳችሁ ሰኩት። ሻጩ ቢያጉረመርምም ይህን ሳታዩ ብር አትክፈሉ።